«አጭር ስለሆንሽ በኦፕራሲዮን ነው» ስለሚባሉ እናቶች

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት በሰሜን ሸዋ ደጋ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የቀሩትን አሥር ዓመታት ደግሞ በአዲስ አበባ ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ እንደምታዪኝ አጭር ነኝ፤ በምጥ መውለድ እችል ይሆን?» ይሉኛል። ከአማቶች ደግሞ ተቃራኒውን እሰማለሁ። «የእሷ ዳሌ ሰፊ ነው፤ አትቸገርም» ብለው ልጅቷን ገና ምጥ ሳይይዛት ያስመርቋታል። የሁለቱም ንግግር መነሻ አንድ ነው፤ አንዲት ሴት እንዴት እንደምትወልድ ከውጭ በሚታየው ሰውነቷ ይታወቃል የሚል እምነት ነው። ይህ እምነት በሰፈር ወሬ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ያስጻፈኝ በሕክምና ተቋማት ውስጥም፣ ነጭ ጋዋን በለበሱ ባልደረቦቼ አንደበት፣ እናቲቱ ገና በክትትል ላይ እያለች እንደ መጨረሻ ውሳኔ ሲነገር መስማቴ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዳሌ የተሳሳተውን ነገር ላስረዳ። በቀሚስ ላይ ሰፍቶ የሚታየው ዳሌ የአጥንቱ የላይኛው ክንፍ፣ በላዩም የተኛው ጡንቻና ስብ ነው። ሕፃኑ የሚያልፍበት መንገድ ግን ከዚህ በታች ተደብቆ የሚገኝ፣ መግቢያ፣ መካከለኛና መውጫ ያለው ጠመዝማዛ የአጥንት ቦይ ነው። በመግቢያው ላይ ከፊት ካለው አጥንት ጀርባ አንሥቶ ከኋላ እስካለው የወገብ አጥንት ድረስ ያለው ርቀት በአብዛኛው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ጠባብ ይባላል። ጊዜውን የጨረሰ ሕፃን ጭንቅላት ደግሞ ከጆሮ በላይ በወርዱ ሲለካ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። እንግዲህ በመንገዱና በመንገደኛው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ልዩነት አንድ ሰው ከጠረጴዛ ማዶ ሆኖ በዓይኑ ለክቶ አያገኘውም።

በዚያ ላይ የሕፃኑ ጭንቅላት ድንጋይ አይደለም። የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ በምጥ ኃይል አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ጭንቅላቱ ይጠብባል። የእናቲቱም የዳሌ መጋጠሚያዎች በእርግዝና ወራት ይላላሉ፤ ቁጢጥ ስትል ወይም ተንበርክካ ስታምጥ መውጫው ይሰፋል። ሕፃኑ አገጩን ደረቱ ላይ አሳርፎ ከመጣ በጠባቡ በኩል ይገባል። አንገቱን ቀና አድርጎ ወይም ፊቱን ወደ እናቱ ሆድ አዙሮ ከመጣ ግን መንገዱን የሚሞላው የጭንቅላት ስፋት እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ረጅምና ደንዳና የሆነችውም እናት ትቸገራለች። በሕክምና ቋንቋ «ሲፒዲ» የምንለው፣ የሕፃኑ ጭንቅላትና የእናቲቱ ዳሌ አለመመጣጠን፣ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። የአንዷን ቁመት ብቻ አይቶ ስለ ሁለቱ መፍረድ አይቻልም።

ይህን ስል ቁመት ምንም ትርጉም የለውም እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያልኩ እንዳይመስል እፈራለሁ። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ እናቶች ምጣቸው የመጓተቱና በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ዕድል ከረጃጅሞቹ እንደሚበልጥ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የታየ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከዘር ብቻ የሚመጣ ስላልሆነ የበለጠ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ በምግብ እጥረት የተነሣ ለዕድሜያቸው መድረስ ካለባቸው ቁመት በታች መሆናቸውን መዝግቧል። ከእነዚያ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ከዓመታት በኋላም ማዋለጃ ክፍል በር ላይ እናገኛቸዋለን። የመቀንጨርን ችግር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ በ«ሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተያዘውን ዕቅድ ሰዎች ስለ ሕፃናት ትምህርትና አእምሮ ሲያነሡት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ስለ ዳሌ አጥንትም እንደሆነ አድርጌ ነው የማየው። የዳሌ አጥንት የመጨረሻ ቅርጹን የሚይዘው ቁመት ማደጉን ካቆመ በኋላ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚሁ ጥናት መሠረት ከሴቶቻችን ግማሹ ገና 17 ዓመት አካባቢ ሳሉ ያገቡ ናቸው። የቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያለበት ምክንያት በማዋለጃ ክፍል ውስጥ በዓይን ይታያል።

ይሁን እንጂ ከአጫጭር እናቶች አብዛኞቹ በምጥ፣ በሰላም ይገላገላሉ። ለዚህም አንዱ ምክንያት የእናት ማኅፀን የሕፃኑን እድገት የሚወስን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሐሞንድ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እጅግ ግዙፍ የሆኑትን የሻየር ፈረሶች ከደቃቆቹ የሼትላንድ ፈረሶች ጋር አዳቀሉ። ከደቃቃ እናትና ከግዙፍ አባት የተወለደው ውርንጭላ ሲወለድ የእናቱን ልክ የያዘ ደቃቃ ሆነ፤ ከግዙፍ እናትና ከደቃቃ አባት የተወለደው ደግሞ በጣም ትልቅ ነበር። የሰው ልጅ ፈረስ ባይሆንም፣ የአባት ቁመትም ድርሻ ቢኖረውም፣ አጭር እናት ብዙውን ጊዜ ለእሷ የሚመጥን ሕፃን ትይዛለች። «ባሏ ግንድ የሚያህል ነው፤ ልጁ ይገድላታል» እያሉ ነፍሰ ጡርን የሚያስጨንቁ ጎረቤቶች ይህን ቢያውቁ ምንኛ ጥሩ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ48 ሴንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ ጊዜ ክትትል የጀመርኩት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጤና ተቋም ነበር። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ከወንበሩ ሳይነሣ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «አንቺ አጭር ስለሆንሽ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው» አለኝ። የቁመት መለኪያው ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ማንም እዚያ ላይ አላቆመኝም። እኔ ራሴ ስንቱን አጭር እናት አዋልጄ ሳለሁ፣ የነፍሰ ጡርነት ፍርሃት የሙያዬን እውቀት አሸንፎት አልተከራከርኩም። በ38ኛው ሳምንት ቀን ተቆርጦልኝ ምጥ የሚባል ነገር ሳላይ 2 ኪሎ ከ700 ግራም የምትመዝን ልጄን በቀዶ ሕክምና ወለድኩ። ልጄ ጤነኛ ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሳል በመጣብኝ ቁጥር ትራስ ስፌቴ ላይ እያስደገፍኩ፣ ልጄን ለማጥባት ቀና ማለት አቅቶኝ በእናቴ እጅ እየተደገፍኩ ያሳለፍኳቸው የአራስነት ቀናት ዛሬም አይረሱኝም።

ሁለተኛ ልጄን ከሦስት ዓመት በኋላ ሳረግዝ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሐኪም የድሮውን ወረቀት አገላብጣ የቀዶ ሕክምናውን ምክንያት ፈለገች፤ የተጻፈው «አጭር ቁመት» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። «ታዲያ ዳሌሽ መቼ ተፈተነ?» አለችኝ። ስፌቴ ምን ዓይነት እንደሆነ አጣርታ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ዝግጁ መሆኑን አረጋግጣ፣ ስፌቱ የመቀደድ አደጋ እንዳለውም ሳትደብቅ ነግራኝ ምጤን እንድንሞክረው ተስማማን። ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። 3 ኪሎ ከ100 ግራም የሚመዝን፣ ከእኅቱ በ400 ግራም የሚበልጥ ወንድ ልጅ በዚያው ጠባብ በተባለው ዳሌ አለፈ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ «ማርያም ማርያም» ስትል የቆየችበት ድምፅ ወደ እልልታ ሲለወጥ የሰማሁትን ያህል በሕይወቴ ደስ ያለኝ ነገር የለም። የእኔ ታሪክ ለሌላው ሁሉ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሁለተኛውም ምጥ በቀዶ ሕክምና ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ቢያበቃ ኖሮ ግን ምክንያቱን አውቀው ነበር።

የዚህን ተቃራኒም አይቻለሁ። ጤና ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ አንዲት ቁመቷ የተመዘዘ፣ ወገበ ሰፊ የሆነች ወጣት ምጥ ከጀመራት ሌሊቱንና ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከቆየች በኋላ በቃሬዛ አመጧት። ለምን እንደዘገዩ ስጠይቃቸው «እሷ እኮ እንዲህ ያለች ደንዳና ናት፤ ትወልዳለች ብለን ነው» አሉኝ። ስመረምራት ሕፃኑ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተሰንቅሯል፤ የራሱ ቆዳ አብጦ በጣቴ ስነካው እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ደረሰችና በቀዶ ሕክምና ሁለቱም ተረፉ። ጥቂት ዘግየት ቢሉ ኖሮ ማኅፀኗ ሊቀደድ፣ ወይም ጭንቅላቱ ለረጅም ሰዓት የተጫነው ሥጋ ሞቶ ፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ የሚፈስበት ቀዳዳ፣ ሊያስከትልባት ይችል ነበር። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በኋላም በ1974 በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል የከፈቱላቸው ሴቶች መውጫ ያጣ ምጥ ለቀናት ያሠቃያቸው እናቶች ናቸው።

እንግዲህ ቁመት ለምን ይጠቅማል? እኔ በሥራዬ የደረስኩበት እምነት ይህ ነው፤ ቁመት የሚነግረን እናቲቱ የት መውለድ እንዳለባት ነው፤ እንዴት እንደምትወልድ የሚነግረን ምጡ ራሱ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ45 የሆነና ቤቷ ከሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ እናት የመውለጃ ወሯ ሲገባ ወደ እናቶች ማቆያ እንድትመጣ፣ ቢያስፈልግ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ቦታ እንድትወልድ ማድረግ ተገቢ ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ግን ምጧ እየታየ መፈተን አለበት። የማኅፀን በሯ እንዴት እየተከፈተ እንደሆነ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት በሆድ ላይ በእጅ ሲዳሰስ ምን ያህሉ እንደወረደ፣ የልብ ምቱ እንዴት እንደሆነ ፓርቶግራፍ በሚባለው የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ ላይ በየጊዜው ይመዘገባል። የማኅፀን በሩ እየተከፈተ ጭንቅላቱም እየወረደ ከሆነ ዳሌው በቂ ነው ማለት ነው፤ ምጡ በርትቶ ሳለ ጭንቅላቱ ካልወረደ፣ አጥንቶቹም እጅግ ከተደራረቡ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ ግዴታ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ደቂቃ ማመንታት አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ጤነኛ የሆነች እናት ምጥ ይዟት ስትመጣ ዳሌዋን በእጅ መለካትን እንደ መደበኛ አሠራር አይመክርም። በኤክስሬይ የሚደረገው የዳሌ ልኬትም የቀዶ ሕክምናውን ቁጥር ከመጨመር በቀር እናትንም ሕፃንንም ሲጠቅም አልታየም። የሕፃኑን ክብደት በአልትራሳውንድ መገመትም ቢሆን ከአሥር እጅ አንድ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሳሳት ነው፤ 3 ኪሎ ተኩል የተባለው ልጅ 3 ኪሎ ሆኖ ሲወለድ ስንቴ አይቻለሁ። ለመለካት የተሠሩት መሣሪያዎች እንኳ ይህን ያህል ከሳቱ፣ ከወንበር ላይ ሆኖ የሚሰጥ የዓይን ግምት የቱን ያህል ሊታመን ነው?

ስለ ክብደት የሚነገረውም ሌላው ችግር ነው። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ወስደን ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ ስናካፍል 30 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 የሆነች ሴት ከእርግዝና በፊት 68 ኪሎ ከነበረች እዚህ ውስጥ ትገባለች። ይህ ውፍረት ለእርግዝና ስኳርና ለደም ግፊት ያጋልጣል፤ ስኳሩ ሕፃኑን ያገዝፈዋል፤ ምጡም በመጀመሪያው ምዕራፍ ይዘገያል። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ነገር ግን ለዚህችው እናት ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳታል፤ ሰመመን መስጠቱ ያስቸግራል፣ ቁስሉ የማመርቀዝ፣ ደሟም በእግር ሥሮች ውስጥ የመርጋት አደጋው ይበዛል። ወፍራም በመሆኗ ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ አደጋን ሸሽቶ ወደ ሌላ አደጋ እንደ መግባት ነው። ምጧ ቀስ ብሎ መሄዱ የታወቀ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቶ መጠበቅ፣ ስኳሯን በጊዜ መርምሮ መቆጣጠር ይበጃታል። «ለሁለት ብዪ» እያልን ነፍሰ ጡርን ከአቅሟ በላይ የምንመግበው እኛ ዘመዶችም ሚዛናዊ የሆነች እናት በእርግዝናዋ ሁሉ ልትጨምር የሚገባት ከ11 ኪሎ ተኩል እስከ 16 ኪሎ፣ በጣም ወፍራም የሆነችው ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብቻ እንደሆነ ብናውቅ መልካም ነው።

ያለ በቂ ምክንያት የተደረገ ቀዶ ሕክምና ጉዳቱ በዚያ ቀን አያበቃም። በ2016ቱ ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በሕይወት ዘመኗ በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልድ ነበር። የመጀመሪያው ልጅ በቀዶ ሕክምና ከተወለደ የሚቀጥሉት እርግዝናዎች ሁሉ ጠባሳ ባለበት ማኅፀን ውስጥ ናቸው፤ የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ የማይላቀቅበት፣ ጠባሳው በምጥ ጊዜ የሚቀደድበት አደጋ ቀዶ ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥር ይጨምራል። ከተማ ላይ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ወደ ገጠር የተመለሰች ሴት ሁለተኛውን ምጥ የምታምጠው ማንም ቢላ በማይዝበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። በዚያው ጥናት በአገር ደረጃ በቀዶ ሕክምና የወለዱት 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ያህል ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ቁጥሩ ከ10 በመቶ ሲያልፍ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከዚያ በላይ እንደማይቀንስ ገልጿል። እኔ በሁለቱም ቦታ ሠርቻለሁና እነዚህ ቁጥሮች ፊት አላቸው፤ በአንዱ ቦታ ቀዶ ሕክምና አጥታ የሞተች እናት፣ በሌላው ቦታ ሳያስፈልጋት የተቀደደች እናት ይታዩኛል።

ባልደረቦቼን ሐኪሞች በክፋት አልከስም። ተረኛ ሐኪም በአንድ ሌሊት ስንት ምጥ እንደሚጠብቅ፣ አንድ ሕፃን ቢጎዳ ምን እንደሚባል፣ ቤተሰቡም «ለምን ቶሎ አልቀደዳችኋትም» እያለ በር ላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። የተቆረጠ ቀን ለሐኪሙም ለቤተሰቡም ይቀላል፤ ምጥ መጠበቅ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ከእናቲቱ ጎን የሚቀመጥ፣ ወገቧን የሚያሽ፣ ሰዓት የሚመዘግብ አዋላጅ ይፈልጋል። የአዋላጆች ቁጥር ሳይጨምር «ምጡ ይፈተን» ማለት ብቻውን ባዶ ምክር እንደሆነም አልክድም።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ማንኛውም የቀዶ ሕክምና ውሳኔ በእናቲቱ ካርድ ላይ ሙሉ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ምጡ ተፈትኖ ከሆነ የማኅፀን በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ፣ ጭንቅላቱ የት እንደነበረ ይመዝገብ፤ የሚቀጥለውን ልጅ የምታዋልደው ባለሙያ ይህን ወረቀት ነው የምታነበው። እናቶችም «ለምን?» ብለው ለመጠየቅ አይፈሩ። የቁመት መለኪያውም ከበር ጀርባ ወጥቶ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ሥራ ላይ ይዋል። ጋዜጣችሁም በጤና ዓምዱ ላይ የኢትዮጵያ የጽንስና ማኅፀን ሐኪሞች ማኅበርንና የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማኅበርን ጋብዞ ባለሙያዎቹ ይህን ጉዳይ በየቤቱ ለሚሰማ ሰው በሚገባ አማርኛ እንዲያስረዱ ቢያደርግ፣ ነገ ጠዋት በክትትል ክፍላችን ወንበር ላይ ተቀምጠው ቁመታቸውን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩትን እናቶች ይደርስላቸዋል።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ